የአሮጌ መኪና የነዳጅ ፓምፕ ብልሽት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት መልሶች በአገራችን መንገዶች ላይ እስካሁን የሚታዩትን አሮጌ የቤንዚን መኪናዎች ታሳቢ ያደረጉ ናቸው። እነዚህም በአንድ በኩል ካርቡሬተር (ቤንዚንን ከአየር ጋር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚሰጥ ክፍል) ያላቸው ላዳዎችና የቶዮታ ኮሮላ ዲ.ኤክስ. መኪናዎች፣ በሌላ በኩል ኢንጀክተር (ቤንዚንን በግፊት ወደ ሞተሩ የሚረጭ አፈሙዝ) ያላቸው የ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኮሮላዎችና የመጀመሪያው ዓይነት ቪትዝ ናቸው። የሌላ ፋብሪካ መኪና ያለው አንባቢም አሠራሩ ተቀራራቢ ስለሆነ ሊጠቀምባቸው ይችላል፤ የግፊት ልኬቶችን ግን ከራሱ መኪና የጥገና መመሪያ ጋር ማመሳከር ይኖርበታል።

የእኔ መኪና ምን ዓይነት ፓምፕ እንዳለው በምን አውቃለሁ?

ሞተሩ ካርቡሬተር ካለው ፓምፑ አብዛኛውን ጊዜ ሜካኒካል ነው። ኮፈኑን ሲከፍቱ በሞተሩ ጎን በሁለት ብሎን የታሰረ፣ የነዳጅ ጎማ ቱቦዎች የገቡበት፣ በመዳፍ የሚያዝ ትንሽ ብረት ይታይዎታል። ይህ ፓምፕ ኤሌክትሪክ አይፈልግም። ሞተሩ ሲዞር አብሮ የሚዞር ማዕከሉን የሳተ ክብ አካል የፓምፑን ክንድ ይገፋል፤ ክንዱም ዲያፍራም የሚባለውን ስስ ላስቲክ እያንቀሳቀሰ ቤንዚኑን ከኋላ ካለው ታንክ ስቦ ወደ ካርቡሬተሩ ይልካል። በዲ.ኤክስ. የ4ኬ ሞተር ላይ ክንዱን የሚገፋው ካምሻፍቱ ራሱ ሲሆን፣ በላዳ ደግሞ የዘይት ፓምፑን የሚያዞረው ዘንግ በአንዲት ቀጭን የብረት ዘንግ አማካይነት ይገፋዋል። የሚፈጠረው ግፊት አነስተኛ ነው፤ ከ0.2 እስከ 0.3 ባር ገደማ ይሆናል።

ኢንጀክተር ያላቸው መኪናዎች ግን ይህን ያህል ግፊት ምንም አይበቃቸውም። ስለዚህ በነዳጅ ታንኩ ውስጥ፣ ቤንዚኑ መሐል የተጠመቀ የኤሌክትሪክ ፓምፕ አላቸው። የ4ኤ-ኤፍ.ኢ. ሞተር ያለው ኮሮላ የግፊት መቆጣጠሪያው የቫኪዩም ቱቦ ተነቅሎ ሲለካ ከ2.7 እስከ 3 ባር ይሰጣል፤ ትርፍ ቤንዚን ወደ ታንክ የሚመልስ ቱቦ የሌለው ቪትዝ ደግሞ ከ3 እስከ 3.5 ባር ባለው መካከል ይሠራል። ልብ ሊባል የሚገባው ልዩነት ሜካኒካሉ ፓምፕ ከሩቅ የሚስብ፣ የኤሌክትሪኩ ግን ከታንኩ የሚገፋ መሆኑ ነው። ከዚህ በኋላ የሚነሱት አብዛኞቹ ጥያቄዎች መልሳቸው የሚለያየው በዚህ ምክንያት ነው።

ፓምፑ እየደከመ መሆኑን የሚያሳዩ ምልክቶች ምንድን ናቸው?

በደልዳላ መንገድ በዝግታ ሲሄድ ደህና የነበረ መኪና ዳገት ሲይዝ ወይም ለመቅደም ነዳጅ ሲሰጠው ጉልበት አጥቶ የሚያንገጫግጭ ከሆነ የነዳጅ እጥረት ሊኖር ይችላል፤ ምክንያቱም ሞተሩ ብዙ ነዳጅ በሚጠይቅበት ሰዓት ነው የደካማ ፓምፕ ጉድ የሚወጣው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ በድንገት ጠፍቶ ግማሽ ሰዓት ያህል ሲያርፍ እንደገና የሚነሳ ከሆነም ፓምፑን መጠርጠር ተገቢ ነው። ከኋላ ወንበር ሥር ከበፊቱ የጎላ የጩኸት ድምፅ መሰማቱ ሌላው ምልክት ነው። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ምልክቶች ውስጥ አንዱም የፓምፑ ብቻ አይደለም፤ የተዘጋ ፊልትሮ፣ ሲሞቅ የሚያቋርጥ ኮይል (ለካንዴላ ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠው) ወይም የታፈነ ማርሚታ ተመሳሳይ ባሕርይ ያሳያሉ። ብዙ ሰው ፓምፕ ቀይሮ ችግሩ ሳይፈታለት የሚቀረው ምልክትን እንደ ማስረጃ ስለሚቆጥር ነው።

ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው) ያዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም። የጠፋው ቤንዚን ይሁን ከረንት እንዴት እለያለሁ?

ከሁሉ አስቀድሞ ታንኩ ውስጥ ቤንዚን መኖሩን ያረጋግጡ። ይህ ምክር ቀልድ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን በአሮጌ መኪና ላይ የነዳጅ ጌጅ ሩብ እያሳየ ታንኩ ባዶ መሆኑ የተለመደ ነገር ነው። አምስት ሊትር ጨምሮ መሞከር ከማንኛውም ምርመራ ይረክሳል።

ካርቡሬተር ላለው መኪና ፍተሻው ቀላል ነው። የአየር ፊልትሮውን ክዳን አንስተው፣ ሞተሩ ጠፍቶ እያለ፣ የካርቡሬተሩን የነዳጅ መስጫ ክንድ በእጅ ወደ ሙሉ ክፍት ይግፉት። ወደ ውስጥ ቀጭን የቤንዚን ፍንጥቅታ ከታየ በካርቡሬተሩ ጎድጓዳ ውስጥ ነዳጅ አለ ማለት ስለሆነ ትኩረትዎን ወደ ከረንት ያዙሩ። ደጋግመው ገፍተው ምንም ካልታየ ቤንዚን እየደረሰ አይደለም።

ኢንጀክተር ባለው መኪና ላይ ለጥቂት ሰከንዶች ካስነሱ በኋላ አንድ ካንዴላ ነቅለው ይመልከቱ። ካንዴላው ደረቅና ሽታ የሌለው ከሆነ ነዳጅ ጎድሏል፤ በቤንዚን የራሰ ከሆነ ደግሞ ነዳጁ ደርሶ ያልተቀጣጠለ በመሆኑ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ከረንት መኖሩን ለማየት ካንዴላውን ከሞተሩ ብረት ጋር አስነክተው የሚያስነሱ ከሆነ፣ በዙሪያው የፈሰሰ ቤንዚን አለመኖሩን አስቀድመው ያረጋግጡ፤ የተነቀለውንም የካንዴላ ቀዳዳ በጨርቅ ሸፍነው ብልጭታው ከዚያ ራቅ ባለ ቦታ እንዲወጣ ያድርጉ።

ቁልፍ ስከፍት የፓምፑ ድምፅ አይሰማኝም። ሞቷል ማለት ነው?

ላይሆን ይችላል። ብዙ ሰዎች፣ መካኒኮችም ጭምር፣ ቁልፍ ሲከፈት ለሁለት ሰከንድ ያህል የፓምፕ ድምፅ መሰማት አለበት ብለው ያምናሉ። ይህ ለብዙ መኪናዎች እውነት ቢሆንም፣ በበርካታ የ1990ዎቹ ቶዮታዎች ላይ ፓምፑ የሚሠራው ሞተሪኖው ሲያዞርና ሞተሩ ሲነሳ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ቁልፉን እስከ መጨረሻው ይዞ እያስነሳ፣ ሌላው የታንኩን የመሙያ ክዳን ከፍቶ ወይም የኋላ ወንበሩን አንስቶ ያዳምጥ።

በእነዚህ ቶዮታዎች ላይ ከዚህም የተሻለ መንገድ አለ። ኮፈኑ ሥር የመመርመሪያ ሶኬት የያዘች አነስተኛ ጥቁር ሳጥን ትገኛለች፤ በክዳኗ ውስጠኛ ገጽ ላይ የእያንዳንዱ ቀዳዳ ስም ተጽፏል። ቁልፉ ተከፍቶ ሳለ «ቢ ፕላስ» እና «ኤፍ.ፒ.» የሚባሉትን ሁለቱን ብቻ በአጭር ሽቦ ሲያገናኙ ፓምፑ ሞተሩ ሳይነሳ መሥራት ይኖርበታል። በዚህ መንገድ ሠርቶ በተለመደው አነሳስ ካልሠራ ፓምፑ ንጹሕ ነው፤ ጥፋቱ በሪሌው (ለፓምፑ ከረንት በሚከፍተውና በሚዘጋው የኤሌክትሪክ ማብሪያ) ወይም ሪሌውን በሚያዘው መስመር ላይ ይገኛል። ሽቦውን የተሳሳተ ቀዳዳ ውስጥ መሰካት የመኪናውን ኮምፒውተር ሊያቃጥል ስለሚችል ጽሑፉ ተፍቆ የማይነበብ ከሆነ ሙከራውን ይተዉት።

በዚህም ካልሠራ ቀጥሎ የሚታየው ፊውዙ ነው። በቶዮታ ላይ አብዛኛውን ጊዜ «ኢ.ኤፍ.አይ.» ተብሎ የተጻፈበት የ15 አምፔር ፊውዝ ነው፤ ተቃጥሎ ከተገኘ ሲቀይሩት ወዲያው ዳግመኛ የሚቃጠል መሆን አለመሆኑን ይከታተሉ። ከዚያ የፓምፑን ሶኬት ነቅለው ሳይሆን እንደተሰካ፣ ፓምፑ እንዲሠራ በታዘዘበት ቅጽበት፣ በቴስተር ቮልቱን ይለኩ። ሶኬቱ ተነቅሎ ሲለካ 12 ቮልት የሚያሳይ መስመር ጭነት ሲገጥመው ወደ 8 ወይም 9 ሊወርድ ይችላል። በፓምፑ ላይ የሚታየው ቮልት በባትሪው ላይ ካለው ከአንድ ቮልት በላይ ካነሰ የተበላሸው ሽቦ፣ ሶኬት ወይም ሪሌ ነው። ከመኪናው ቦዲ ጋር የሚታሰረውን የኔጌቲቭ ሽቦም አብረው ይለኩ፤ በዕድሜ የገፋ መኪና ላይ ዝገት የሚበላው ቀድሞ እሱን ነው። ቮልቱ ሙሉ ሆኖ፣ ኔጌቲቩም ጤነኛ ሆኖ ፓምፑ ዝም ካለ፣ ያን ጊዜ ፓምፑ ሞቷል ብሎ መደምደም ይቻላል።

አዲስ አበባ ውስጥ በተለይ የማይዘነጋ አንድ ነገር አለ። በርካታ ባለቤቶች ስርቆትን ለመከላከል የፓምፑን መስመር የሚቆርጥ የተደበቀ ማብሪያና ማጥፊያ ወይም ማንቂያ ደወል ያስገጥማሉ፤ መኪናው ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጥ ደግሞ የመጨረሻው ገዥ መኖሩን እንኳን ላያውቅ ይችላል። በቴፕ ብቻ የተጠቀለለ የሽቦ መቀጠያ ከዳሽቦርዱ ሥር ካገኙ ምርመራውን ከዚያ ይጀምሩ። ከዚህ ጋር የሚመሳሰለው ደግሞ በፎርድና በአንዳንድ የአውሮፓ መኪናዎች ላይ የሚገኘው፣ ግጭት ሲደርስ ፓምፑን የሚያቋርጠው መቆጣጠሪያ ነው፤ ጉድጓድ ውስጥ በኃይል መግባትም ፓምፑን እንዲያቋርጥ ሊያደርገው ይችላል፤ ከላይ ያለውን ቁልፍ በመጫን ወደ ቦታው ይመለሳል።

ፓምፑ ሲሠራ ይሰማኛል፤ መኪናው ግን ጉልበት የለውም። ምን ልፈትሽ?

ድምፅ መኖሩ ሞተሩ መዞሩን እንጂ ቤንዚን መግፋቱን አያረጋግጥም። መልሱን የሚሰጠው የግፊት መለኪያ ነው፤ መለኪያው በየጋራዡ ባይገኝም ከአንድ የማያስፈልግ ፓምፕ ዋጋ ያነሰ ስለሆነ ያለው ጋራዥ መፈለጉ አያከስርም። ግፊቱ ዝቅ ብሎ ከተገኘና መኪናው የመመለሻ ቱቦ ካለው፣ ፓምፑ እየሠራ ያንን የጎማ ቱቦ በጥንቃቄ ለአፍታ ጨብጠው ይያዙት። ግፊቱ ወዲያው ወደ ላይ ከዘለለ ፓምፑ ጉልበት አለው፤ የሚያፈሰው የግፊት መቆጣጠሪያው ነው። ካልጨመረ ግን ወይ ፓምፑ ደክሟል፣ ወይ የሚስበው ነገር የለም።

የሚስበው ነገር የሌለው ደግሞ ከፓምፑ ሥር ያለችው የመረብ ማጣሪያ በዝገትና በአቧራ ስትደፈን ነው። ዋናው ፊልትሮ በ1990ዎቹ ኮሮላ ላይ ኮፈን ሥር የሚገኝ በመሆኑ በቀላሉ ይቀየራል፤ በቪትዝ ላይ ግን ከፓምፑ ጋር ታንክ ውስጥ ስለሚቀመጥ ብዙ ባለቤቶች መኖሩን ሳያውቁ ዓመታት ያሳልፋሉ። ፓምፑን ካወጡ አይቀር፣ ፓምፑን ከመውጫው ጋር የምታገናኘውን አጭር ጎማም ተመልከቱ ብለው ለመካኒኩ ይንገሩት፤ ተሰንጥቃ ከተገኘች ጤነኛው ፓምፕ ቤንዚኑን መልሶ ታንኩ ውስጥ እያፈሰሰው ነበር ማለት ነው። ከግፊቱ ሌላ መጠኑም ይለካል፦ ጤናማ ፓምፕ በ30 ሰከንድ ውስጥ ከግማሽ ሊትር ያላነሰ ቤንዚን ወደ መያዣ መልቀቅ ይጠበቅበታል።

ታንኩን ስደበድበው መኪናው ይነሳል። ለምን?

በኤሌክትሪክ ፓምፑ ውስጥ ያሉት የካርቦን ብሩሾች አልቀው ወይም የሚነኩት መዳብ ተበልቶ ሲሆን፣ ፓምፑ በመጥፎ ቦታ ላይ ከቆመ ከረንት አያገኝም። ከሥር በጎማ መዶሻ ወይም በእጅ ቡጢ ሲመታ ብሩሹ ትንሽ ስለሚንቀሳቀስ ግንኙነቱ ይመለሳል። ይህ ፓምፑ ለመሞት መቃረቡን በእርግጠኝነት ከሚያሳዩ ጥቂት ምልክቶች አንዱ ነው። ወደ ቤት ወይም ወደ ጋራዥ ለመድረስ ይጠቅማል፤ ከዚያ ወዲያ ግን ሞተሩን ሳያጠፉ የማቆም ልማድ ውስጥ ከመግባት በቀር የሚያስገኘው ነገር የለም።

ጠዋት ጠዋት ረጅም ጊዜ ካላዞርኩ አይነሳም፤ ከተነሳ በኋላ ግን ቀኑን ሙሉ ደህና ነው። ይህስ?

ሞተሩ ሲጠፋ በመስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ወዲያው መውረድ የለበትም። ቶዮታ ሞተሩ ከጠፋ ከ5 ደቂቃ በኋላ ቢያንስ ወደ 1.5 ባር የሚጠጋ ግፊት እንዲቆይ ይፈልጋል። ቶሎ የሚወርድ ከሆነ በፓምፑ ውስጥ ያለው አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው ቫልቭ ያፈሳል፣ ወይም አንዱ ኢንጀክተር ይንጠባጠባል። ሁለተኛው ከሆነ ሲነሳ ጥቁር ጭስና የቤንዚን ሽታ ይኖራል። ቁልፍ ሲከፈት ፓምፑ የሚሠራበት መኪና ከሆነ ሳያስነሱ ሁለት ሦስት ጊዜ ከፍቶ መዝጋት ግፊቱን ይሞላዋል፤ ይህ ብልሃት ከሠራልዎ ጥርጣሬው ወደ ቫልቩ ያጋድላል።

የላዳ ወይም የዲ.ኤክስ. ሜካኒካል ፓምፕ እንዴት ይፈተሻል?

ወደ ካርቡሬተሩ የሚገባውን ቱቦ ነቅለው ጫፉን ንጹሕ ጠርሙስ ውስጥ ያድርጉ፤ የኮይሉን ሽቦ ነቅለው ከረንት እንዳይኖር ካደረጉ በኋላ ሞተሪኖውን ለጥቂት ሰከንድ ያስዞሩ። ቤንዚኑ በሞተሩ ዙር ልክ እየተቆራረጠ በኃይል መውጣት ይኖርበታል። ደካማ ከሆነ ወይም አረፋ ከበዛበት ወዲያውኑ ፓምፑን አይኮንኑ፤ ከታንክ የሚመጣው የመሳቢያ መስመር ላይ የተሰነጠቀ ጎማ ወይም የላላ ማሰሪያ ካለ ፓምፑ ከቤንዚን ይልቅ አየር ይስባል። በሚስበው በኩል ያለ ስንጥቅ ቤንዚን ስለማያንጠባጥብ በዓይን አይታይም፤ ለዚህ ሲባል ዕድሜ የጠገቡትን የጎማ ቱቦዎች ሁሉ አንድ ላይ መቀየር ከመፈለጉ ይሻላል።

ላዳ በፓምፑ ላይ በእጅ የሚገፋ ትንሽ ክንድ ስላለው ለባለቤቱ ደግ መኪና ነው። ቤንዚን አልቆበት ወይም ለብዙ ቀናት ቆሞ ከሆነ፣ ባትሪውን ከማድከም ይልቅ ክንዱን ጥቂት ጊዜ መግፋት ካርቡሬተሩን ይሞላዋል። በእጅ ሲገፋ ቤንዚን የሚመጣ፣ በሞተሩ ሲዞር ግን የማይመጣ ከሆነ፣ ፓምፑን የሚገፋው ዘንግ አልቋል ወይም ከፓምፑ ሥር የገባው ማሸጊያ ከሚገባው በላይ ወፍሯል። ማሸጊያው ሲወፍር ፓምፑ ከዘንጉ ስለሚርቅ ክንዱ ሙሉ እንቅስቃሴውን ያጣል።

የሞተር ዘይቴ ቤንዚን ይሸታል፤ መጠኑም ጨምሯል። ከፓምፑ ጋር ይገናኛል?

ሜካኒካል ፓምፕ ካለዎት አዎን፣ በእጅጉ ሊገናኝ ይችላል። ዲያፍራሙ ሲቀደድ ቤንዚን በፓምፑ ክንድ በኩል ወደ ሞተሩ ውስጥ ወርዶ ከዘይት ጋር ይቀላቀላል። የቀጠነ ዘይት የብሮንዚኖችን (የሞተሩ ዘንግ የሚዞርባቸውን ማቀፊያዎች) ዕድሜ በአጭሩ ይቀጨዋል፤ በሞተሩ ውስጥ የሚጠራቀመው የቤንዚን ትነትም ለእሳት አደጋ ያጋልጣል። መኪናውን አያስነሱት፤ ፓምፑን ቀይረው፣ ዘይቱንና የዘይት ፊልትሮውን ጥለው አዲስ ይሙሉ። በኢትዮጵያ በ2001 ዓ.ም. ቤንዚን ኢታኖል ከሚባለው የአልኮል ዓይነት ጋር ተቀላቅሎ መሸጥ መጀመሩ ይታወቃል፤ ከዚያ ዘመን በፊት የተሠራ ላስቲክ ኢታኖልን የመቋቋም አቅሙ ደካማ ነው። በመሆኑም ለዓመታት መደርደሪያ ላይ የቆየ የድሮ ዲያፍራም «ኦሪጅናል» ስለተባለ ብቻ ከአዲሱ ይበልጣል ማለት አይደለም።

ዓባይ በረሃን ስወጣ መኪናዬ ይጠፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይነሳል። ፓምፑ ነው?

ካርቡሬተር ያለው መኪና ከሆነ ምናልባት ፓምፑ ምንም አልሆነም። ከጎሐ ጽዮን ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወደ ሞቃቱ ሸለቆ ይወረድና ወደ ደጀን ሲወጣ ሞተሩ በከባድ ማርሽ፣ በዝግታ፣ ያለ በቂ ነፋስ ለረጅም ጊዜ ይደክማል። በዚያ ሙቀት በቱቦው ውስጥ ያለው ቤንዚን ወደ ትነት ይለወጣል፤ ፈሳሽ እንዲገፋ የተሠራው ዲያፍራም ደግሞ ትነትን መጭመቅ እንጂ መግፋት አይችልም። ከፍታ በጨመረ ቁጥር የአየር ግፊቱ ስለሚቀንስ ቤንዚን ዝቅ ባለ ሙቀት ይተናል፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ በምትገኘው አዲስ አበባ ያለው የአየር ግፊት በጅቡቲ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ሜካኒካሉ ፓምፕ ከታንክ ሲስብ በቱቦው ውስጥ ያለውን ግፊት የበለጠ ዝቅ ያደርገዋል፤ የኤሌክትሪኩ ግን ከታንኩ ስለሚገፋ ችግሩ ኤሌክትሪክ ፓምፕ ባላቸው ላይ እምብዛም አይታይም።

በስፍራው የሚደረገው መኪናውን ጥግ አስይዞ፣ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ፓምፑና ቱቦው ላይ የራሰ ጨርቅ ማድረግና መታገሥ ነው። ውኃ በቀጥታ በጋለ ሞተር ላይ መድፋት ብረት ሊሰነጥቅ ይችላል። ወደ ከተማ ሲመለሱ የቤንዚን ቱቦው ከጭስ ማውጫው ጋር የሚቀራረብበትን ቦታ አርቀው ያስሩት፤ በፓምፑና በሞተሩ መካከል የሚገባው ሙቀት የሚከላከለው ወፍራም ማሸጊያም በቦታው መኖሩን ይመልከቱ።

ከመደምደምዎ በፊት ግን መኪናው በጠፋበት ቅጽበት የታንኩን ክዳን ይክፈቱ። አየር በኃይል ወደ ውስጥ ሲገባ ከተሰማ የታንኩ መተንፈሻ ተዘግቷል፤ ፓምፑ ባዶነት ፈጥሮ ከራሱ ጋር ሲታገል ነበር ማለት ነው። ይህኛው ብልሽት በጥቂት ብር ክዳን ይፈታል፤ በየትኛውም ዓይነት ፓምፕ ላይ ይደርሳል።

የነዳጅ እጥረት ባለበት ጊዜ ፓምፖች የሚበዛ ብልሽት የሚገጥማቸው ለምንድን ነው?

በታንክ ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ ፓምፕ የሚቀዘቅዘውም የሚለሰልሰውም ውስጡ በሚያልፈው ቤንዚን ነው። ሰልፍ በበዛበት ወቅት ለቀናት የነዳጅ ማስጠንቀቂያ መብራቱ እንደበራ የሚነዳ መኪና ፓምፑን ያግላል፤ ከታንኩ ሥር የተጠራቀመውንም ዝቃጭ ያስውጠዋል። ከዚያ ላይ ከጄሪካንና ከፕላስቲክ ጠርሙስ የሚገዛ ቤንዚን ሲጨመር ውኃና አቧራ ይገባል፤ አንዳንዴም ነጭ ጋዝ ይቀላቀልበታል። ከሩብ በታች ሳይወርዱ መሙላት ጥሩ ምክር ነው፤ ማደያው ቤንዚን በሌለበት ሳምንት ይህን መናገር ቀላል፣ መፈጸም ግን ከባድ መሆኑ አይካድም። ቢያንስ ከጄሪካን ሲቀዱ ንጹሕ ስስ ጨርቅ ወይም ጥሩ ማጣሪያ ያለው ማንቆርቆሪያ ይጠቀሙ።

የሜካኒካሉን ፓምፕ በኤሌክትሪክ መቀየር ይቻላል? የቪትዝ ፓምፕ ቢገጠምለትስ?

መቀየር ይቻላል፤ የቪትዝ ፓምፕ ግን ፈጽሞ አይሆንም። ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለችው መርፌ ከ0.3 ባር እምብዛም ለማይበልጥ ግፊት የተሠራች በመሆኗ 3 ባር ሲመጣባት መዝጋት አቅቷት ቤንዚኑ በጋለው ሞተር ላይ ይፈሳል። ለካርቡሬተር የተሠራ ዝቅተኛ ግፊት ያለው ፓምፕ ያስፈልጋል፤ የሚታሰረውም ከታንኩ አጠገብ፣ ዝቅ ብሎ ነው፤ ምክንያቱም እነዚህ ፓምፖች መግፋት እንጂ መሳብ አይሆንላቸውም። ከሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር ሞተሩ ሲጠፋ ፓምፑን የሚያቆም የዘይት ግፊት መቆጣጠሪያ ወይም የግጭት ማቋረጫ ማስገባት ነው። በቀጥታ ከቁልፉ ጋር የታሰረ ፓምፕ መኪናው ተገልብጦ እንኳን ቤንዚን መርጨቱን ይቀጥላል።

መለዋወጫውን ከየት ልግዛ? ያገለገለ ይሻላል ወይስ አዲስ?

በአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሁለቱም ይገኛል። ያገለገለ ፓምፕ ከገዙ ምን ያህል እንደሠራ ማንም ሊነግርዎ ስለማይችል ሻጩ በባትሪ አዙሮ ማሳየቱ ብዙ ዋጋ የለውም፤ በደረቁ የሚዞር ፓምፕ ግፊቱን አያሳይም፣ እንዲያውም ይጎዳል። ርካሽ አዲስ ፓምፕ ሲገዙ የመረብ ማጣሪያዋ፣ የጎማ ማሸጊያውና ሶኬቱ ከአሮጌው ጋር በትክክል መግጠሙን ጎን ለጎን አስቀምጠው ያነጻጽሩ። አሮጌው ፓምፕ እስኪገጥም ድረስ አይጣል።

ራሴ ስሠራ መጠንቀቅ ያለብኝ ከምንድን ነው?

በቪትዝና በብዙዎቹ ኮሮላዎች ላይ ፓምፑ ከኋላ ወንበር ሥር ባለ ክዳን በኩል ስለሚወጣ ሥራው ከባድ አይደለም፤ አደጋው ግን ከባድ ነው። ኢንጀክተር ባለው መኪና ላይ ሞተሩ እየሠራ የፓምፑን ሶኬት ነቅለው ራሱ እስኪጠፋ ይጠብቁ፤ በዚህ ግፊቱ ይወርዳል። ከዚያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ይንቀሉ፣ በሮቹን ሁሉ ይክፈቱ፣ በአካባቢው ሲጋራም ከሰልም አይኑር፤ የእሳት ማጥፊያው በእጅ በሚደረስበት ቦታ ይቀመጥ። የአምፖል መብራት ወድቆ ሲሰበር ቤንዚን ስለሚያቀጣጥል በሞባይል ወይም በባትሪ መብራት ይሥሩ።

ቤንዚንን በቱቦ በአፍ ስቦ ማውጣት በየጋራዡ እንደ ተራ ነገር ይታያል። ወደ ሳንባ የገባ ጥቂት ቤንዚን ግን ለሕይወት የሚያሰጋ የሳንባ ጉዳት ያስከትላል፤ በስሕተት የዋጠ ሰውም እንዲያስመልስ መገደድ የለበትም፣ ወዲያው ወደ ሐኪም ይሂድ። በእጅ የሚጨመቅ መሳቢያ ርካሽ ነው። ፓምፑ የሞተበትን መኪና ኮፈን ላይ ጠርሙስ አስሮ ከላይ በማንጠባጠብ ወደ ቤት መንዳትም ከዚህ ያልተናነሰ ድፍረት ነው፤ መኪናውን ማስጎተት ይሻላል።

የናፍጣ መኪና ላይም ይህ ሁሉ ይሠራል?

አይሠራም። የናፍጣ ሞተር ችግር አብዛኛውን ጊዜ በመስመሩ ውስጥ የገባ አየር ነው፤ በፊልትሮው ላይ ያለውን የእጅ መግፊያ እስኪጠነክር ተጭኖ አየሩን ማስወጣት ይቀድማል። ከፍተኛ ግፊት የሚሰጠው ፖምፓ ራሱን የቻለ ሙያና መሣሪያ ስለሚጠይቅ በዚህ ውስጥ አልተካተተም።

አዲስ ፓምፕ አስገብቼ ከጥቂት ወራት በኋላ እንደገና ሞተ። ምን ሆኖ ነው?

ሁለተኛውን ፓምፕ የገደለው ነገር አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያውንም የገደለው ነው። ታንኩ ሳይታጠብ የገባ ፓምፕ ያንኑ ዝገት ይውጣል፤ አሮጌዋ የመረብ ማጣሪያ ተመልሳ ከገባች ደግሞ እንደ ታፈነ ይሠራል። ቀጥሎ የፓምፑን ሶኬት ይመልከቱ፤ ፕላስቲኩ ጠቁሮ ወይም ቀልጦ ከታየ ደካማ ግንኙነት እየሞቀ ነበርና ሶኬቱን ሳይቀይሩ ሦስተኛ ፓምፕ አያስገቡ። በመጨረሻም ሞተሩ ተነስቶ ባትሪው ላይ ያለውን ቮልት ይለኩ፦ ከ13.5 እስከ 14.5 መሆን ሲገባው ወደ 15 እና ከዚያ በላይ የሚወጣ ከሆነ ዲናሞው ከመጠን በላይ እየሞላ ስለሆነ ከፓምፑ በፊት የሚጠገነው እሱ ነው።